የአንሶላው ሌላ ጫፍ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ብዙ ዓመት ያልተጠየቀ ሰው ድንገት ደህና ነህ ወይ ሲባል መደንገጡ አይቀርምና አስቀድሜ ልንገርህ፤ ማንም አልሞተም። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ብርድ ሲሆን የሚያምህ ግራው ነበር ወይስ ቀኙ? ግራው ይመስለኛል። ስንት ጊዜ በቅባት ያሸሁትን ጉልበት መርሳቴ እኔኑ አስገረመኝ። ዓይንህስ? ቀያሽ ሰው ዓይኑን መጠየቅ አለበት። ዕድሜ ልክህን አንዱን ጨፍነህ በአንዱ ስታይ የኖርክ ነህ፤ የተጨፈነው እንኳ ሳይተኛ አልቀረም።

አድራሻህን የሰጠችኝ ታላቅ እህትህ ናት። ዘንድሮ ጡረታ እንደምትወጣ፣ ብቻህን እንደምትኖር፣ ምግብህን ራስህ እንደምትሠራና እንደማይጣፍጥ ነገረችኝ። ምን ልትጽፊለት ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ታውቃታለህ፤ መልሱን የምታውቀውን ነገር አትጠይቅም።

እኛ ደህና ነን። ልጅህ ደህና ናት። ጥርሷን ታማ ነበር፤ ተነቀለላት፤ የተነቀለውን በመሐረብ ቋጥራ ይዛው መጣች። እኔም ደህና ነኝ። ቀኝ ክንዴ ብቻ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ ብሎኛል። ጽሑፌ ሲንጋደድ ካየህ ከሱ ነው። ስለ ክንዴ ኋላ እመለስበታለሁ። ወይም አልመለስበትም።

*

አሁንም እዚያው መሥሪያ ቤት ነኝ። አንተ በነበርክ ጊዜ ታይፒስት ነበርኩ፤ አሁን የሙያ ደረጃ እጽፋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳህ፤ ብዙ ሰው አይገባውም፣ አንዳንድ ቀን እኔም አይገባኝም። አንድ ሰው አናጢ ነኝ ለማለት ምን ማወቅ አለበት? እጁ ምን መሥራት አለበት? ነርስስ? የአውቶቡስ ሾፌርስ? ይህን የሚወስን ሰነድ አለ። አስተማሪዎች በሱ ያስተምራሉ፣ ፈታኞች በሱ ይፈትናሉ። እሱን የምንጽፈው እኛ ነን። ሥራውን ወደሚሠራው ሰው እንሄዳለን፣ አጠገቡ እንቀመጣለን። የመጀመሪያውን ቀን ምንም መናገር፣ ምንም መጠየቅ አይፈቀድልንም። ሰው ሲጠየቅ ስለ ሥራው ያወራል እንጂ ሥራውን አያሳይም። ስለዚህ እጁን እናያለን፤ እጁን ብቻ። ከዚያ እንጽፋለን።

አብዛኞቹ ዓረፍተ ነገሮቻችን የሚያልቁት በአንድ ቃል ነው፤ ይችላል። መስታወት ቆራጭ፣ መስታወቱ ከመሰንጠቁ በፊት የሚያሰማውን ድምፅ መለየት ይችላል። ዳቦ ጋጋሪ፣ ሊጡ መድረሱን በጣቱ ተጭኖ ማወቅ ይችላል። የአሳንሰር መካኒክ፣ ጨለማ ውስጥ የገመዱን መላላት በመዳፉ ዳስሶ ማግኘት ይችላል። ይችላል፣ ይችላል፣ ይችላል። ወደ ቤት ስመለስ ቃሉን እንደ አቧራ ደጃፍ ላይ አራግፌ ነው የምገባው። እኛ ቤት ብዙም አያገለግልም።

አለቃችንን ነጠላ ሠረዝ ብለን እንጠራዋለን። አንዲት ነጠላ ሠረዝ ከቦታዋ ሳያንቀሳቅስ ገጽ አያሳልፍም፤ ሚስቱን ሲያገባም መጀመሪያ ማመልከቻዋን አርሞላታል ይባላል። ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። የነርሶችን ደረጃ ስጽፍ፣ ሩኅሩኅ መሆን አለባት ብዬ ነበር። በቀይ ሰረዘው። ርኅራኄን በምን ትለኪዋለሽ አለኝ፤ በሜትር? የሚታይ ነገር ጻፊልኝ። ተናድጄ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ታማሚው ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ቢጠይቃት፣ የመጨረሻውን መልስ በመጀመሪያው ድምፅ መመለስ ትችላለች። አነበበው፣ ነጠላ ሠረዟን አንቀሳቀሰ፣ አሳለፈው።

ከዚያ ወዲህ የማይታይ ነገር አልጽፍም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥም አታገኝም።

*

ልጅህ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። በቁመት እኔን ወጥታለች፤ አጭር ናት። ፀጉሯን ራሷ ታበጥራለች፣ የኋላውን ትረሳዋለች። ሰዓት ማንበብ አታውቅም፣ ከሥራ የምመለስበትን ግን ታውቃለች። ያኔ ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጦ፣ ዕድሜዋ ይሄዳል፣ እሷ ቀስ ብላ ትከተለዋለች ያለን ትዝ ይልሃል? እየተከተለችው ነው። በጣም ርቋታል፤ ግን ቆማ አታውቅም።

አባቴ የት ነው ትለኛለች። ሥራ ላይ ነው እላታለሁ። ከሄድክበት ቀን ጀምሮ መልሴ ይኸው ነው፤ ያኔ ውሸት አልነበረም፣ መንገድ ቅየሳ ብለህ ነበር የወጣኸው። አንድ ቀን ግን ምን ሥራ ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሳምንት የአሳንሰር መካኒኮችን ደረጃ ነበር የምጽፈው። አሳንሰር ይጠግናል አልኳት። ደስ አላት። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠይቀኝ የንብ አናቢዎችን ይዤ ነበር፤ ንብ ያነባል አልኳት። እንዲህ እንዲህ እያልን ዘለቅን። ጠላቂ ዋናተኛ ሆነሃል፣ ጥርስ ሠርተሃል፣ ድልድይ በየድተሃል፣ ፒያኖ አስተካክለሃል፣ አንድ ሰሞንማ አዋላጅ ነበርክ። ልጅህ ዘንድ አንተ የማትችለው ሥራ የለም። ባለፈው ሠፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶ ጎረቤቱ በየበረንዳው ሲያማርር፣ እሷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ አባቴ ሲመጣ ይሠራዋል ብላ አጽናናቻቸው። ፊት ለፊታችን የሚኖረው ጡረተኛ አስተማሪ፣ እንግዲያው እስኪመጣ ሻማ አበድሪን አላት። አበደረችው። እስካሁን ሻማውን ትጠይቀዋለች።

ባለሦስት እግር መቆሚያህ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ናት። የመቀየሻ መነጽሩን ይዘህ መቆሚያዋን ትተሃት ሄድክ። ልጅህ ፎጣዋን የምትሰቅለው እሷ ላይ ነው። ላነሳት ስሞክር፣ አባቴ ይፈልጋታል እያለች ትመልሳታለች።

ይህን የምነግርህ ላሳዝንህ አይደለም። ስትመጣ ምን እንደሚጠብቅህ እንድታውቅ ነው። ስትመጣ አልኩ እንዴ? ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

*

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ተኛሁ። ዛሬ ከሥራ ቀርቻለሁ።

የሐኪሞችን ደረጃ ስናሻሽል የኔ ድርሻ አንድ ምዕራፍ ነበር፤ ሐኪሙ ከታማሚው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር። ብዙ ክፍል ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጥሩዎቹ ሐኪሞች ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር፤ መጥፎዎቹ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ይናገራሉ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት። ከባድ ነገር ከመናገሩ በፊት ወንበር ስቦ ከታማሚው ዓይን ትይዩ ይቀመጣል፤ ሰዓቱን አያይም። ነጠላ ሠረዝ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ምንም አላንቀሳቀሰም። የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ባለፈው፣ ከብብቴ ሥር አውጥተው ለምርመራ የላኩትን ሥጋ ውጤት ልሰማ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ በአዲሱ ደረጃ የተማረ መሆን አለበት። ቆሞ ወረቀቱን አነበበ። አየሩ ስለመክበዱ አንድ ሁለት ነገር አወራን። ከዚያ ዙሪያውን አየና ወንበር ሳበ።

ሰዓቱን አላየም።

የተናገረውን ብዙውን አልሰማሁትም። የማስበው ስለ ዓረፍተ ነገሩ ነበር። ይሠራል እያልኩ ነበር። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይሠራል። ስወጣ ጨበጠኝና ቤት ማን አለሽ አለኝ። ልጄ አለች አልኩት። ጎሽ፣ እሷ ታግዝሻለች አለኝ። እሱን ግን እኔ አልጻፍኩትም፤ ከራሱ ነው።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጅህ ቦታ ስፈልግ ነበር። እናት ለልጇ ሥራ ስትፈልግ ሰው ታስቸግራለች፣ ዘመድ ትለምናለች። እኔ ወደ ሙያ ደረጃ ሰነዶቹ መደርደሪያ ነው የሄድኩት። የሁሉም ሙያ በር ከፍታው እኔ ዘንድ አለ፤ ግማሹን የለካሁት ራሴ ነኝ። እሷ አንገቷን ሳትሰብር የምታልፍበትን አንድ በር ነበር የምፈልገው። ቀን የምትውልበት፣ ቀርታ እንደሆነ የት ጠፋች የሚል ሰው ያለበት።

መጀመሪያ ችግኝ ጣቢያ ወሰድኳት። ውኃ ታጠጣለች፣ አፈር ትወዳለች። ለጥቂት ቀን ጥሩ ነበር። ከዚያ አረም ንቀይ አሏት። አልነቅልም አለች። እነዚህስ ምን አደረጉ ብላ አረሙንም ታጠጣው ጀመር፤ አንድ መደብ ሙሉ አረም እንደ ጎመን አሳደገች። አትክልተኛው እንባ እስኪያወጣ ሳቀ፣ ከዚያ ይዣት እንድሄድ በትሕትና ነገረኝ። አረምን ከችግኝ ለይቶ መንቀል ይችላል የሚለው የኔ ዓረፍተ ነገር ነው። ደግሜ አነበብኩት፤ ስሕተት የለበትም።

ዳቦ ቤት ካርቶን ማጠፍ ደግሞ ትችላለች። የምድጃው ደወል ሲጮህ ግን ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ ምድጃው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ጋጋሪው ደህና ሰው ነው፤ ደወሉን በጨርቅ ጠቀለለላት። ዳቦው አረረ።

ሌሎችም ነበሩ። ሁሉንም አልጽፍልህም። አንዳንዱን በር ከውጭ አይተን ነው የተመለስነው።

ከዚያ የሆስፒታሉን ልብስ ማጠቢያ አሰብኩ። አንሶላ አጣፊ የምትባል ሥራ አለች፤ ደረጃዋ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ጫፍ ከጫፍ ያገናኛል። እድፍ ያለበትን ለይቶ ይመልሳል። ከባልደረባው ጋር እኩል ይራመዳል። አነበብኩት፣ እንደገና አነበብኩት። ሁሉንም ትችላለች። እኛ ቤት አንሶላ የሚታጠበው ቅዳሜ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንዱን ጫፍ የምትይዘው እሷ ናት፤ ከኔ ይልቅ የሷ ጫፍ የተስተካከለ ነው። ያን ቀን ያንን ቃል ደጃፍ ላይ ሳላራግፈው ቤት ገባሁ።

*

ማጠቢያው ከሆስፒታሉ ሥር ነው፤ ምድር ቤት። እንፋሎቱ ጣራው ላይ ተሰብስቦ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሪዎቹ በአንድ በኩል ቆሽሸው ይገባሉ፣ በሌላ በኩል ነጥተው ይወጣሉ። ኃላፊዋን ጄኔራሏ ይሏታል፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከማንም ጋር የማትስቅ ሴት ናት። ልጅህን ከላይ እስከ ታች አየቻትና እጅሽን አሳዪኝ አለቻት። አሳየቻት። ንጹሕ ነው አለች። በቃ፣ ቃለ መጠይቁ ይኸው ነበር።

ጥግ ላይ መቀመጫ ሰጡኝ። ልማዴ ያዘኝ። አልተናገርኩም፣ አልጠየቅኩም፤ የልጄን እጆች አየሁ። ቀጭኗ ከሚሏት ልጅ ጋር አጣመሯት። አንሶላው ከማድረቂያው እንደ ወጣ ትኩስ ነው። ሁለት ሁለት ጫፍ ያዙ፤ ወጠሩት፤ አጠፉት፤ እኩል ተራመዱ። እጇ እንከን የለውም። ማስታወሻ የያዝኩ ቢሆን ትችላለች፣ ትችላለች እያልኩ እሞላው ነበር። ተገናኙ። ቀጭኗ የልጄን ጫፎች ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

ልጅህ አልለቀቀችም።

ልቀቂ አለቻት ቀጭኗ። አልለቀቀችም። ጎተተች፤ አንሶላው በመሃላቸው ተወጠረ። እኔ አሁንም እጇን ነው የማየው፤ ምን እንደጎደለ ሊገባኝ አልቻለም። ሴቶቹ ሳቅ ሲጀምሩ ነው ቀና ያልኩት። ልጅህ ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯን ወደ ፊት ሰጥታ ቆማለች። ትጠብቃለች።

ቡራኬ ፈልጋ ነው አለች አንዷ። ሌላዋ ቀጭኗን፣ ሳሚያት እንጂ ምን ቸገረሽ፣ ባልሽን አልነጠቀችሽ አለቻት። ቀጭኗ አፈረችና አንሶላውን ለቀቀችው። መሬት ወደቀ፤ እርጥብ መሬት። ልጅህ አነሳችው፣ እድፉን አየችው፣ ለይታ ወደ ቆሻሻው ጋሪ መለሰችው። ደረጃው እንደሚለው። ከዚያ አዲስ አንሶላ ይዛ ቀረበች፤ ሲገናኙ እንደገና ግንባሯን ሰጠች። እንደገና። ከማድረቂያው የሚወጣው ጋሪ ከኋላቸው ተደረደረ።

ጄኔራሏ ወደኔ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ አመሰግናታለሁ። «እህቴ፣ እዚህ የሚታጠፈው አንሶላ ነው። መሳለሚያ ቦታ አይደለም።»

*

ያን ሳምንት በየምሽቱ አንሶላ ስናጥፍ ነው የከረምነው፤ የታጠፈውን እየዘረጋን። ሙያዬ ነው፤ አንድን ሥራ ወደ ትንንሽ እርምጃዎች እከፍላለሁ፣ የማያስፈልገውን አወጣለሁ። ትይዣለሽ፣ ትወጥሪያለሽ፣ ትራመጃለሽ፣ ትሰጪያለሽ። ግንባር የለም። ገባሽ? ገባኝ ትላለች። እንራመዳለን። እንገናኛለን። ግንባሯን ትሰጣለች። ቆጣ ስላት ግራ ገብቷት፣ «አልጨረስንም እኮ» አለችኝ።

ለሷ ሳይገናኝ የቀረ ግንባር ያልታጠፈ አንሶላ ነው።

ሁለታችንም ስንት ዓመት እንዲያ ስናደርግ ኖረናል፤ እኔ አላየሁትም። ጫፏን ስቀበላት ግንባሬን አስነካታለሁ፣ እንደ መተንፈስ። የስንቱን ሙያ እርምጃ ስዘረዝር የራሴ ቤት ሥራ አንዱ እርምጃ አምልጦኛል። እጅ ነዋ የማየው።

ሌላም ልንገርህ። ክንዴ አልነሣ ስላለኝ አንሶላው በኔ በኩል እየተንጠለጠለ መሬት ይነካል። አየችው። እሷም የራሷን ጫፍ ዝቅ አደረገችው፤ እኩል እንዲሆን። እዚያ ቆመን አንሶላው መሬት ለመሬት ሲጎተት እንኳ፣ አንቺ ከፍ አድርጊ ብዬ አልነገርኳትም።

ከዚያ ነው የግንባሩ ነገር ከየት እንደመጣ ማሰብ የጀመርኩት። እኔ አላስተማርኳትም። ማንም አላስተማራትም። የመጀመሪያው ቤታችን ሰገነት ላይ፣ ሽቦው ሥር፣ አንተና እኔ አንሶላ እናጥፍ ነበር። አንተ ረጅም ነህ፤ እኔ እዚህ ታች ነኝ። ስንገናኝ ጎንበስ ትልና ግንባርህን ግንባሬ ላይ ታደርግ ነበር። ተለካ ትል ነበር፤ የቀያሽ ቀልድህ። ሕፃኗ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ ታየናለች። ቃል ገና አልጀመረችም። አንተ ስትሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ቶሎ ረሳሁት። ወይም የረሳሁት መሰለኝ፤ ሰውነቴ ግን ያደርገው ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ ይዛው የኖረችው ካንተ ነው። ከዚህ ቤት ያልወጣኸው በዚያ በኩል ነው።

*

ቅዳሜ በር ተንኳኳ፤ ጄኔራሏ ናት። አድራሻችንን ከሆስፒታሉ ጠይቃ ነው የመጣችው። ትንፋሿ እስኪመለስ በራፉ ላይ ቆማ የፎቁን ደረጃ ረገመች። ሻይ ቀረበላት። ልጅህን አላየቻትም፤ እኔን ነው የምታየው፤ ክንዴን። እሷ ከሆስፒታል ሥር የምትሠራ ሰው ናት፤ ከላይ የሚሆነውን ከአንሶላው ታውቃለች። ስለሱ ምንም አልተናገረችም። የተናገረችው፣ ያቺ ልጅ የመለሰችው እድፍ ሌሎቹ ያሳለፉት ዓይነት ነው የሚል ነበር። ሠራተኛም ጎድሎባታል። ልጅሽ ከኔ ጋር ብቻ ታጥፋለች አለችኝ፤ እስከ ምሳ።

ስለ ሌላው ነገርስ አልኳት።

«እኔ ያረጀ ግንባር አለኝ፤ ያለ ሥራ ነው የተቀመጠው። አበድራታለሁ። ከምሳ በኋላ ግን ራሴን ያመኛል፤ አትጠይቁኝ።»

ከሰኞ ጀምሮ እየሠራች ነው። ትናንት በመስኮቱ አጮልቄ አየኋቸው። ያቺ ከማንም ጋር የማትስቅ ሴት በተገናኙ ቁጥር ፊቷን አጨማዳ፣ እንደ መራራ መድኃኒት፣ ግንባሯን ታስነካታለች። ከዚያ ቀጥይ ትላለች። ሴቶቹ መሳቅ ትተዋል። ቀጭኗ አንድ ጊዜ ስታልፍ ሳታስበው የራሷን ስትሰጥ አይቻለሁ።

እንግዲህ ለግማሽ ቀን ሰው አገኘሁ። የምጽፍልህ ስለ ቀሪው ነው።

*

ለዚህ ሥራ ደረጃ አልወጣለትም። ብጽፈው ነጠላ ሠረዝ ያሳልፈው እንደሆነ አላውቅም። ግን የሚታየውን ብቻ ልንገርህ።

ከምሳ በኋላ በሆስፒታሉ ትንሿ በር ትወጣለች፤ በትልቁ አትጠብቃት። ሲያዩአት መጣራት አያስፈልግም፤ ቁሞ መታየት ይበቃል። ሻይዋ ሲቀዘቅዝ ነው የምትጠጣው፤ ቀዘቀዘብሽ አትበላት። የፀጉሯን የኋላ ክፍል የሚያበጥር ሰው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጫፉ ይጀምራል። ነጎድጓድ ሲሆን ካንተ ጋር አታወራም፣ ከባለሦስት እግር መቆሚያህ አጠገብ ትቀመጣለች፤ መብራቱን አብርቶ እዚያው ክፍል ውስጥ የራስን ሥራ መሥራት ነው። ጥርሷ መሐረቡ ውስጥ አለ፤ አይጣልም። እናቴ የት ናት ብላ የጠየቀችህ ቀን ሥራ ላይ ናት እንዳትላት። እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ፤ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አይችለውም። እውነቱን ንገራት። ደጋግማ ትጠይቅሃለች። የመጨረሻውን መልስ በመጀመሪያው ድምፅ።

ቤቱ ሰፊ ነው። የመሐሉን ክፍል ጠርጌዋለሁ። እሷን ወዳንተ ልላክ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ጄኔራሏ እዚህ ናት፣ ትንሿ በር እዚህ ናት። መምጣት ያለብህ አንተ ነህ። ጡረታህ ሲጸና አትበለኝ። ከክረምት በፊት ና። ከክረምት በኋላም ብትመጣ በሩ ያው ነው፤ ያኔ ግን ቁልፉን ፊት ለፊት ካለው አስተማሪ ትቀበላለህ። ሻማውንም ይመልስልህ።

ይህን ስጽፍ መጥታ ትከሻዬ ላይ አገጯን አስደገፈች። ለማን ነው አለችኝ። ለአባትሽ አልኳት። በዚህ ሳምንት ምን ይሠራል አለች። ጠረጴዛዬ ላይ የሰዓት ሠሪዎች ነበር ያለው፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀያሽ ነው አልኳት። መንገድ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን የሚለካ። እስከ ዛሬ ከነገርኳት ሁሉ ያነሰባት መሰለኝ። ከዚያ አንሶላ ማጠፍ ይችላል ወይ አለችኝ።

ይችላል አልኳት።

እሷ እንደኔ አጭር ናት፤ ጎንበስ ማለት ይኖርብሃል። ጉልበትህን ካመመህ ቀኙን እጠፈው፤ የሚያምህ ግራው ከሆነ።

የሄድክበትን መንገድ ያበጀልህ፣ መመለሻውንም ያብጅልህ። ዓይንህን ይጠብቅልህ። የምትለካው መሬት ሁሉ የረጋ ይሁንልህ፤ ከደጅህ የሚጠብቅህ ሰው አይታጣ። ለታላቅ እህትህ፣ ለምን እንዳልጠየቀችኝ ገብቶኛል ብላለች በልልኝ።

የልጅህ እናት